የጨዋታ ኬላ

«ጨዋታ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ኳሱ፣ ገበጣው፣ ካርታው ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚያወጋው ወግ ነው። «ጨዋታ አምጣ እንጂ!» የተባለ ሰው ካርታ ያምጣ ወይም ወሬ ያምጣ የሚያውቀው ከሁኔታው ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠራቸው እንዲያው ያለ ነገር አይመስለኝም፤ በሁለቱም ውስጥ ትልቁ ነገር ሌላው ሰው ነውና። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ ተራ ስለሚመስል የገንዘብ ጥያቄ ልጽፍ ስለሆነ ነው። የጌም ኮንሶል ያለው ሰው ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት በየወሩ ወይም በየዓመቱ ለኮንሶሉ ሠሪ ኩባንያ የሚከፍለው ገንዘብ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ዶርም ውስጥ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ኪስ ውስጥ ይገባል። ያለው «አቦ ተወኝ፣ ለዚች ብለህ ነው?» ይላል፤ የሌለው «ዘረፋ ነው!» ብሎ ይዘጋዋል። እንግዲህ ሁለቱም የተናገሩት ስለ ኪሳቸው ነው፤ ስለ ነገሩ ገና አልተናገሩም። እኔ በበኩሌ ጥያቄውን ለሁለት ከፍዬ ላየው እወዳለሁ። አንደኛ፣ የሚገዛው ነገር ገንዘቡን ያህላል ወይ? ሁለተኛ፣ ሻጩ ያን ገንዘብ መጠየቁ ፍትሐዊ ነው ወይ? የሁለቱ መልስ አንድ ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ባጭሩ እንይ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹም የአሜሪካ ገበያ ዋጋዎች ናቸው።) ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን አገልግሎት የከፈተው በኖቬምበር 2002 ሲሆን የዓመቱ ክፍያ 50 ዶላር ያህል ነበር። ሶኒ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን የኦንላይን ጨዋታን በነፃ ይሰጥ ነበር። በ2010 ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል ክፍያ ሲጀምርም የፈለገ የሚገባበት፣ ያልፈለገ የሚተወው ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 በኖቬምበር 2013 ሲወጣ ግን በነፃ ከሚሰጡት ጨዋታዎች በቀር ከሌላ ሰው ጋር ኦንላይን ለመጫወት መክፈል ግድ ሆነ። ኒንቴንዶም ስዊች የተባለውን መሣሪያ በማርች 2017 አውጥቶ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በነፃ ካጫወተ በኋላ በሴፕቴምበር 2018 በዓመት 20 ዶላር መቀበል ጀመረ። በ2023 የሶኒ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ከ60 ዶላር ወደ 80 ዶላር ወጣ።

እስቲ እናስላው። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ዲስክ የሚያጫውተው ዓይነት ዋጋው 500 ዶላር ነበር። አንድ ኮንሶል ሰባት ዓመት ያገለግላል እንበል። በዓመት 80 ዶላር ሲታሰብ የሰባት ዓመቱ ክፍያ 560 ዶላር ይሆናል። ይህም ማለት ሰውየው በሩን ለማስከፈት የሚያወጣው ገንዘብ ቤቱን ከገዛበት ይበልጣል ማለት ነው። ቀስ እያለ፣ በየዓመቱ ቆንጠር እየተደረገ የሚወጣ ስለሆነ ግን አይታወቀውም።

ልብ በሉ፤ ይህ ተጫዋች አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ከፍሏል። ኮንሶሉን ገዝቷል፤ ጨዋታውን ገዝቷል፤ ለኢንተርኔት መስመሩም በየወሩ ይከፍላል። የእነዚህ የሦስቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ መሣሪያውን የሠራው፣ ጨዋታውን የፈጠረው፣ መስመሩን የዘረጋው ሁሉም ድካም አለበት። አራተኛው ክፍያ ግን የምን ዋጋ ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው መልስ «ሰርቨር ገንዘብ ይበላል» የሚል ነው። እውነት አለበት። የተጫዋቾችን ስም መመዝገብ፣ አቻ ለአቻ ማገናኘት፣ ድምፅ ማስተላለፍ ወጪ አለው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ብዙ ጨዋታዎች ከተገናኙ በኋላ የሚካሄዱት ከተጫዋቾቹ በአንዱ ኮንሶል ላይ ነው፤ የእርሱ መሣሪያ አስተናጋጅ ይሆንና ሌሎቹ ወደ እርሱ ይገባሉ። ሌሎቹ ደግሞ የጨዋታው ሠሪ ኩባንያ በራሱ ወጪ ባቆመው ሰርቨር ላይ ይካሄዳሉ። ያንኑ ጨዋታ በተራ ኮምፒዩተር የሚጫወተው ሰው ደግሞ ይህን የበር ክፍያ አይከፍልም። እንዲያውም ማይክሮሶፍት ራሱ በ2007 ክፍያውን ወደ ኮምፒዩተር ሊያሻግረው ሞክሮ ነበር፤ በ2008 ግን የኦንላይን ጨዋታውን በነፃ ለቀቀው። ለምን? በኮምፒዩተር ላይ ተጫዋቹ የሚገባባቸው ሌሎች ነፃ በሮች ስለነበሩት ነው። እንግዲህ ክፍያውን የሚወስነው የሰርቨሩ ወጪ ብቻ ቢሆን ኖሮ በኮንሶልም በኮምፒዩተርም መኖር ነበረበት። ዋናው ወሳኝ ሌላ በር መኖርና አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አስተማማኝ ነው» የሚል ነው። የዚህ መልስ ደጋፊዎች የሚጠቅሱት የ2011ን አደጋ ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ሰርጎ ገቦች ወደ ሶኒ ኔትወርክ ገብተው የ77 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መዝገብ አደጋ ላይ ወድቆ፣ አገልግሎቱም 23 ቀን ተዘግቶ ነበር። ያኔ ጨዋታው ነፃ ነበር። «አያችሁ፣ ነፃ ነገር እንዲህ ነው!» ይሉናል። ይሁን፤ ነገር ግን በ2014 የገና ዕለት፣ ስንቱ ሕፃን አዲስ ኮንሶሉን ከፍቶ በተቀመጠበት ቀን፣ የሶኒም የማይክሮሶፍትም ኔትወርኮች በጥቃት ወደቁ። ያኔ ሁለቱም የሚከፈልባቸው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2025ም የሶኒው አንድ ሙሉ ቀን ያህል ተቋርጦ ለከፋዮቹ አምስት ቀን ተጨመረላቸው። ክፍያ ጥንቃቄን ሊያግዝ ይችላል፤ ዋስትና ግን አይደለም።

ሦስተኛው መልስ «ስጦታው ብቻውን ገንዘቡን ይመልሳል» የሚል ነው። በየወሩ ለከፋዮች ጨዋታ ይሰጣል፤ ከፍ ባለው ደረጃ ደግሞ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ስብስብ ይከፈታል። በእውነት ብዙ ለሚጫወት ሰው ይህ ርካሽ ነው፤ በዓመት ሦስት አራት ጨዋታ ከዚያ የሚያገኝ ሰው ገንዘቡን አስመልሷል። ነገር ግን ሁለት ነገር አንርሳ። አንደኛ፣ ከፕሌይስቴሽን ፕላስ የተወሰደ ጨዋታ ክፍያው ሲቆም ይቆለፋል። «መቶ ጨዋታ አለኝ» የሚለው ጓደኛችን ካርዱ ያልቅና በማግሥቱ የገዛቸው ብቻ ይቀሩታል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ስጦታውንና በሩን አንድ ላይ ማሰር ምን አመጣው? ዕቃ በጠፋበት ጊዜ «ሳሙናውን ካልገዛህ ስኳሩን አልሸጥልህም» የሚል ባለ ሱቅ የገጠመው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሳሙናው ጥሩ ሳሙና ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው የመጣው ግን ለስኳር ነው።

ታዲያ ሦስቱ መልሶች አራተኛውን ክፍያ በሙሉ ካላስረዱ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የሚሸጠው ሌላው ተጫዋች ነው። ለእኔ አንተ ትሸጥልኛለህ፤ ለአንተ እኔ እሸጥልሃለሁ። ነገሩ እንደ ስልክ ነው፤ በዓለም ላይ አንድ ስልክ ብቻ ቢኖር ዕቃ ሆኖ ከመቀመጥ አያልፍም ነበር፤ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ሰውም ሲይዝ ነው። የአገልግሎቱን ትልቁን ዋጋ የሚፈጥሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው በመገኘታቸው ነው፤ ኩባንያው መገናኛውን ሠርቶ በመካከላቸው ይቆማል።

ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ማይክሮሶፍት በኤፕሪል 15 ቀን 2010 የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ የኦንላይን አገልግሎት ዘጋው። ሄሎ 2 የሚባለው ጨዋታ ከዚያ ወዲያ አዲስ ሰው የማይገባበት ሆነ። ሆኖም አስቀድመው የገቡ ሰዎች መሣሪያቸውን እስካላጠፉ ድረስ እንደተገናኙ መቆየት ይችሉ ነበር። ጥቂት ተጫዋቾች ኮንሶላቸውን ሳያጠፉ ቀናትን፣ ከዚያም ሳምንታትን አሳለፉ፤ በየተራ መስመሩ እየተቋረጠባቸው የመጨረሻው የወጣው በሜይ ወር ነው። እነዚያ ሰዎች ምን ፈልገው ነበር? አዲሱ የጨዋታው ዓይነት በገበያ ላይ ነበር፤ የተሻለ ሥዕል ያለው ጨዋታ ሞልቶ ነበር። እነርሱ የጠበቁት አብረው የከረሙበትን ስፍራ ነው። ያን ስፍራ ስፍራ ያደረጉት እነርሱ ነበሩ፤ የመዝጊያው ቁልፍ ግን በእጃቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ። አንድ መንደር አለ እንበል። ከመንደሩ ወዲያ ምንጭ አለ። አንድ ሰው ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ሠርቶ ከሚያልፈው ሁሉ አንዳንድ ብር ይቀበላል። ውኃው ከአንድ ብር በላይ ያወጣል ወይ? እንዴታ! ስለዚህ ብሩን ከፍሎ የሚቀዳ ሰው ሞኝ አይባልም። የውኃው ጥሩነት ግን ለኬላው መብት አይሆንም፤ ውኃውን ያፈለቀው ባለ ኬላው አይደለምና። «ገንዘቡን ያህላል» እና «መጠየቁ ተገቢ ነው» የተለያዩ ፍርዶች ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ዳዊት ሪካርዶ የተባለው እንግሊዛዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ መሬት ኪራይ ያሳየው ነገርም ከዚህ ይቀራረባል፤ ለም መሬት ያለው ሰው ኪራዩ ሲጨምርለት እርሱ ይበልጥ ስለሠራ ላይሆን ይችላል፤ ሕዝቡ በዝቶ መሬቱን ይበልጥ ስለፈለገው ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሁልጊዜ የሚያነሣው ክርክር አለ። «ምሳሌህ ያዳላል» ይለኛል። «ባለ ኬላው እኮ መንገዱን ጠርጓል፤ ድልድይም ሠርቷል። ኩባንያዎቹ ኮንሶሉን ብዙ ጊዜ ባወጣበት ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሸጣሉ፤ ኪሳራውን የሚያካክሱት ከጨዋታና ከአገልግሎት ነው። ክፍያው ቢቀር ኮንሶሉ ይወደዳል፤ ያኔ ድሃው ጭራሽ አይገዛውም።» ይህን ክርክር በቀላሉ አልጥለውም፤ ከሁሉም የጠነከረው እርሱ ነው። ዕቃውን በዱቤ እንደ መግዛት ያህል ነው፤ ዱቤ ደግሞ ለድሃ ደግ ነገር ነው።

ነገር ግን ዱቤ መጨረሻ አለው። ዱቤ የወሰደ ሰው ስንት እንደቀረው ያውቃል፤ ከፍሎ ሲጨርስ ዕቃው የእርሱ ነው። ይህኛው ዕዳ ግን ተከፍሎ አያልቅም፤ ስንት እንደሆነም በገዛበት ቀን አልተነገረውም፤ በመካከሉም ሊጨምር ይችላል። በ2013 ወይም በ2020 ኮንሶል የገዛ ሰው በ2023 ክፍያው 80 ዶላር እንደሚሆን በምን ያውቃል? «ማንም አላስገደደህም፣ ተወው» ይባል ይሆናል። ወንድሜ፣ እስቲ አስበው፤ ጓደኞችህ ሁሉ ያንኑ ኮንሶል ገዝተዋል፤ ቅዳሜ ማታ እዚያ ናቸው። አንተ ስትተወው የምትተወው አገልግሎቱን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የምትተወው እነርሱን ነው። ሰንሰለት የለበትም፤ ግን ነፃ ምርጫ ብሎ ለመጥራት አፍ ይይዛል።

ታዲያ በየወሩ መክፈል በራሱ መጥፎ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ለዕድር ይከፍላሉ። ዕድርም እኮ በአብዛኛው ወር ምንም አይመልስልህም። ግን ዘረፋ ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልዩነቱ የት ላይ ነው? የዕድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ሳህንና ብረት ድስት የአባላቱ ነው። ዳኛውን የመረጡት እነርሱ ናቸው፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ የሚያቀርበው ለእነርሱ ነው። መዋጮው ይጨመር ሲባል ስብሰባ ይጠራል፤ አንዱ ይነሣና «እኛ ጡረተኞቹስ?» ይላል፤ ነገሩ ይመዘናል። ለዕድሩ ዋጋ የሚሰጠው የአባላቱ መገኘት ነው፤ ቃሉም ያለው በእነርሱ አፍ ነው። በጌሙ አገልግሎት ዋጋውን የሚፈጥሩት እነዚያው መሰሎቻቸው ናቸው፤ ስብሰባ ግን የለም፤ ዋጋ የሚጨመረው በማስታወቂያ ነው። እንግዲህ የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፤ ክፍያው ከድምፅ ጋር አልመጣም።

ሆኖም አንድ ጊዜ ስብሰባ የሚመስል ነገር ተደርጎ ነበር። በጃንዋሪ 22 ቀን 2021 ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ ላይቭን የስድስት ወር ክፍያ 60 ዶላር አደርጋለሁ አለ፤ በዓመት ሲታሰብ ወደ 120 ዶላር ማለት ነው፤ የቀድሞው የዓመት ዋጋ እጥፍ። ተጫዋቹ በያለበት ጮኸ። ኩባንያው አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ውሳኔውን ሰረዘ፤ በዚያው ላይ በነፃ የሚታደሉ ጨዋታዎችን ያለ ክፍያ ኦንላይን መጫወት እንዲቻል እፈቅዳለሁ ብሎ በኤፕሪል ፈጸመው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ መጨመር ቆመ ማለቴ ግን አይደለም፤ በኦክቶበር 2025 ትልቁ የጌም ፓስ ደረጃ በወር ከ20 ወደ 30 ዶላር ሲወጣም ጩኸት ነበር፤ ዋጋው ግን ያኔ አልተመለሰም። ጩኸት ስብሰባን አይተካም፤ አንዳንዴ ይሰማል፤ አንዳንዴ አይሰማም።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። የሚገዛው ነገር ገንዘቡን ያህላል ወይ? ለአንዳንዱ ሰው እጅግ ያህላል። ወንድማማቾች አንዱ ዋሺንግተን፣ አንዱ ዱባይ ተበትነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ኳስ እየተጫወቱ «አይ አንተ! ዛሬም ተሸነፍክ!» እየተባባሉ፣ በመካከሉ «እማዬ እንዴት ናት?» የሚሉ ከሆነ፣ ያ ጨዋታ በሁለቱም የአማርኛ ፍች ጨዋታ ነው። ለዚያ የሚወጣ 80 ዶላር አያስቆጭም፤ ያለ እፍረት ይክፈሉ። ብቻውን ታሪክ ያለውን ጨዋታ ለሚጫወት፣ ወይም ካንድ ቴሌቪዥን ፊት ከጓደኛው ጋር ሁለት መቆጣጠሪያ ይዞ ለሚቀመጥ ግን ክፍያው አያስፈልገውም፤ በወሬ ተገፋፍቶ ይክፈል አልልም። የሚከፍለውም ቢሆን በሚጫወትበት ወር ከፍሎ ፈተና ሲደርስ ቢያቋርጥ፣ «የእኔ» የሚለውንም የገዛውን ብቻ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሻጩ መጠየቁ ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ደግሞ፦ ለሠራው መንገድ ተመጣጣኝ ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ነው። ለእኛ ለእርስ በርሳችን መኖር ዋጋ ሲተምንብን ግን ያላፈለቀውን ውኃ እየሸጠ ነው። ይህ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ባለ ኬላውን ማዘዝ አንችልም፤ በእጃችን ያለ አንድ ነገር ግን አለ።

ከአራት ጓደኞች ሦስቱ ይከፍላሉ፤ አንዱ አይችልም። አለመቻሉን አይናገርም፤ «ሰሞኑን ጌም ሰልችቶኛል» ይላል። ሦስቱም ያምኑታል፤ ማመን ስለሚቀላቸው። ኬላው ያን ጊዜ ከገንዘብ ይልቅ ትልቅ ነገር ወሰደ፤ የወሰደውም ኩባንያው ብቻ አይደለም፤ ሦስቱም አግዘውታል። በሁሉም ኮንሶሎች ላይ ያለ ክፍያ ኦንላይን የሚያጫውቱ ጨዋታዎች አሉ፤ ምናልባት ሦስቱ የሚወዱት ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። የጨዋታው ምርጫ በመጀመሪያ «ማን መግባት ይችላል?» ተብሎ፣ ቀጥሎ «የቱ ይጥማል?» ቢባል ምን ይጎድልብናል? ዕድር ውስጥ መዋጮ ያቃተው ሰው ቢኖር ጎረቤት ነገሩን ሳያሰማ ይሸፍንለታል። እኛም ቅዳሜ ማታ አራተኛው የት እንደቀረ እንጠይቅ፤ «ሰልችቶኛል» ካለም አንድ ጊዜ ደግመን እንጠይቀው።